«ቢነግሥ ኖሮ»፦ የፈረንሳይኛው ያለፈ ሁኔታዊ ግሥና የስሜን ታሪክ ንባብ



የዛሬው ርዕሴ ሲሰማ የሰዋስው ትምህርት ይመስላል፤ እኔ ግን የማቀርበው እንደ ታሪክ መምህር ነው። በታሪክ መድረክ ላይ ስለ ፈረንሳይኛ ግሥ መናገር ለምን አስፈለገ ለሚል፣ መልሱ ከደባርቅ ቁልቁል በሚወርደው መንገድ ላይ ይገኛል። ከምጽዋ ተነሥቶ በዐድዋ በኩል ተከዜን የሚሻገረው የጥንቱ የነጋዴ መንገድ የዛሪማን ቆላ አቋርጦ፣ የሊማሊሞን ዳገት ወጥቶ፣ በወገራ አድርጎ ጎንደር ይገባ ነበር። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 ይህን ዳገት ወጥቷል። እ.ኤ.አ. ከ1830ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ ወደ ሰሜኑ አገራችን የሚመጡ ፈረንሳውያን በረከቱ፤ አንቷንና አርኖ ዳባዲ የተባሉት ወንድማማቾች፣ ፌሬና ጋሊኒዬ የተባሉት የጦር መኮንኖች፣ ቴዎፊል ለፌቭር፣ ሮሼ ዴሪኩር። ስለ ደጃዝማች ዉቤ ኃይለ ማርያም ዘመን ስንጽፍ እነዚህን ሰዎች ሳንጠቅስ አናልፍም። እነርሱን በትክክል ማንበብ ደግሞ አንድን የግሥ ቅርጽ በትክክል መረዳትን ይጠይቃል።

ፈረንሳዮች ይህን ቅርጽ «ኮንዲስዮኔል ፓሴ» ይሉታል። አሠራሩ አስቸጋሪ አይደለም። «አቯር» እና «ኤትር» ከሚባሉት ሁለት ረዳት ግሦች አንዱ በሁኔታዊ ቅርጹ «ኦሬ» ወይም «ሰሬ» ይሆንና፣ የተፈጸመ ድርጊትን የሚያመለክተው የዋናው ግሥ ቅርጽ ይከተለዋል። «ኢል ኦሬ ሬኜ» ማለት «ይነግሥ ነበር» ማለት ነው፤ «ኢል ሰሬ ቨኑ» ማለት ደግሞ «ይመጣ ነበር»። መምጣት፣ መሄድ፣ መወለድ፣ መሞትና መሰሎቻቸው፣ እንዲሁም ድርጊቱ ወደ አድራጊው የሚመለስባቸው ግሦች በ«ኤትር» ይሄዳሉ፤ የቀሩት በ«አቯር»። ተማሪዎቻችን የሚሰናከሉት «ሲ» በሚለው ቃል በሚጀምረው ሐረግ ላይ ነው። ይህ ሐረግ ሁኔታዊውን ቅርጽ አይቀበልም፤ ከሌላ ድርጊት በፊት የተፈጸመውን የሚያመለክተውን የኃላፊ ጊዜ ይወስዳል። የፈረንሳይ ሕፃናት ይህን እንዳይረሱ «ሲዎች ሬዎችን አይወዱም» እየተባሉ ያድጋሉ።

ከታሪካችን አንድ ምሳሌ ልውሰድ። በ1834 ዓ.ም. ዉቤ አዲሱን ጳጳስ አቡነ ሰላማን ከጎኑ አሰልፎ በራስ ዓሊ ላይ ዘመተ፤ ደብረ ታቦር ላይም ገጠሙ። ዓሊ የተሸነፈ መስሎት ሸሸ። ዉቤ ድሉን ሲያከብር ግን ዘግይቶ የደረሰ የዓሊ ወገን ጦር በድንገት ደርሶ ማረከው። አሸናፊው ታሰረ፤ ሸሽቶ የነበረው ወደ ሥልጣኑ ተመለሰ። ይህን ታሪክ አንብቦ «ሰፈሩን ቢያስጠብቅ ኖሮ ይነግሥ ነበር» የማይል ሰው አይገኝም። ፈረንሳይኛው «ሲ ዉቤ አቬ ጋርዴ ሶን ካን፣ ኢል ኦሬ ሬኜ» ይላል። እስከዚህ ድረስ ሁለቱ ቋንቋዎች ተስማምተው ይጓዛሉ።

አማርኛችን ለዚህ ጉዳይ «ኖሮ»ን መጠቀሙ ይገርመኛል። «ኖሮ» ከ«ኖረ» የወጣ ቦዝ አንቀጽ ነው፤ ያልሆነውን ነገር የምንናገረው መኖርን በሚያመለክት ቃል ነው ማለት ነው። ይኸው ግሥ ሌላም ሥራ አለው። «ለካ ዉቤ ተይዞ ኖሯል» ስንል፣ ሳናየው የተፈጸመን፣ ኋላ የደረስንበትን እውነት እንናገራለን። አንዱ ግሥ በአንድ በኩል ያልሆነውን፣ በሌላ በኩል ሆኖ ሳለ ያልታወቀውን ይሸከማል። የፈረንሳይኛውም ቅርጽ የሚያሳስተን እንዲህ ያለ ሁለት ትከሻ ስላለው ነው፤ ወደዚያ እመጣለሁ።

የዛሪማ ሰው ግን ከዚህ በላይ የሰማው አለ። ከተከዜ ማዶ የሚመጣው ነጋዴ «እንተ ዝመጽእ ነይሩ ምረኸብክዎ» ሲል፣ «ቢመጣ ኖሮ አገኘው ነበር» ማለቱ ነው። በዚህ ግሥ መነሻ ላይ ያለችው «ም» ከግእዙ «እም» የወረደች ናት፤ ግእዝ «ሶበ መጽአ እምረከብክዎ» ይላልና። የማርታን ንግግር በግእዙ የዮሐንስ ወንጌል የተማረ የቆሎ ተማሪ ይህን አገባብ ያለ ፈረንሳይኛ መምህር ያውቀዋል። ፈረንሳይኛም የራሱ የዘር ሐረግ አለው። ሁኔታዊው ቅርጽ የተወለደው ከላቲኑ «ካንታሬ ሀቤባት» ነው፤ በእኛ አነጋገር «ሊዘምር ነበረው» እንደ ማለት። «ሊመጣ ነበር» የምንለው አማርኛ ከዚህ ብዙ አይርቅም።

የቁጭቱን አገባብ በአጭሩ ልለፈው። «ኢል ኦሬ ዱ» ማለት «ይገባው ነበር» ነው፤ በእኛም ቋንቋ እንዲሁ ስለሚባል ማንንም አያሳስትም።

አሳሳቹ ሦስተኛው አገባብ ነው። ፈረንሳዊ ጸሐፊ ከሰው የሰማውን፣ እርሱ ራሱ ያላረጋገጠውን ነገር ሲያወራ ይህንኑ ቅርጽ ይጠቀማል። በዚህ ጊዜ «ሲ» የለም፤ ያልተሟላ ሁኔታም የለም። «ኢል ሰሬ ሞር» ብቻውን ሲቆም «ሞቷል ይባላል» ማለት ነው፤ «ይሞት ነበር» ማለት አይደለም። አማርኛ ለዚህ «ይባላል»፣ «አሉ»፣ «ተብሎ ይነገራል» የሚሉ ግልጽ ቃላት አሉት፤ ፈረንሳይኛ ግን ጥርጣሬውን በግሡ ውስጥ ይሰውረዋል።

አሁን ወደ ደረስጌ እንሻገር። በየካቲት 1847 ዓ.ም. ደጃዝማች ካሣ ዉቤን ደረስጌ ላይ ድል ነሣው፤ ወዲያውም ዉቤ ራሱ ባሠራው በደረስጌ ማርያም ቤተ ክርስቲያን በአቡነ ሰላማ እጅ ዳግማዊ ቴዎድሮስ ተብሎ ነገሠ። ዉቤ ይህን ቤተ ክርስቲያን ያሠራው ለራሱ ንግሥ ነበር ይባላል። ይህችን የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር አንድ ፈረንሳዊ ቢጽፋት፣ ምሳሌውን እኔ ልሥራው፣ «ኢል ኦሬ ፌ ባቲር ሴት ኤግሊዝ ፑር ሶን ፕሮፕር ሳክር» ይላታል። ሰዋስውን ከመጽሐፍ ብቻ የተማረ አንባቢ ይህን «ለራሱ ንግሥ ያሠራው ነበር» ብሎ ይተረጉመዋል፤ ሳያሠራው ቀረ ማለት ነው። ጃናሞራ ውስጥ ቆሞ የሚታየው ቤተ ክርስቲያን በአንድ ረዳት ግሥ ፈረሰ!

ሌላው አንባቢ ደግሞ ጥርጣሬውን ጥሎ «ለራሱ ንግሥ አሠራው» ብሎ ይቈርጠዋል። በእኔ ግምት ይህኛው የባሰ ነው። የመጀመሪያውን ስሕተት ሕንፃው ራሱ ይመሰክርበታል፤ ሁለተኛውን የሚመሰክርበት የለም። የተሰማው ወሬ የታወቀ ታሪክ ይሆናል፤ አንዱ የምረቃ ጽሑፍ ከሌላው እየቀዳ ይጠቅሰዋል፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም መጀመሪያ ማን እንደተናገረው የሚጠይቅ ይጠፋል።

የስሕተቱ ምንጭ የትምህርት ታሪካችን ይመስለኛል። እ.ኤ.አ. በ1908 የተከፈተው የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤትና በ1925 የተከፈተው የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ፈረንሳይኛን ትልቅ ቦታ ሰጥተውት ነበር፤ ከጂቡቲ የሚመጣው የባቡር ሐዲድም ቋንቋው ይኸው ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1941 በኋላ ቦታውን እንግሊዝኛ ወሰደው። የዛሬ ተማሪ ወደ ፈረንሳይኛ የሚደርሰው በእንግሊዝኛ በኩል አድርጎ ነው፤ የእንግሊዝኛው ተመሳሳይ ቅርጽ ደግሞ ያልሆነውን ይናገራል እንጂ እንዲህ ያለውን የ«ይባላል» አገባብ አልለመደም። ተማሪው ፈረንሳይኛውን በልቡ ወደ እንግሊዝኛ፣ ከዚያም ወደ «ነበር» ይመልሰዋል። የሕግ ባለሙያዎቻችን ዕድለኞች ናቸው፤ የ1952ቱን የፍትሐ ብሔር ሕግ በፈረንሳይኛ ያረቀቀው ሬኔ ዳቪድ ሕግ ስለ ደነገገ፣ ወሬ ስላላወራ፣ በዚህ በኩል ብዙም አይፈተኑም። የግሥ ትርጉም ምን ያህል እንደሚያስከፍል ግን ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመው የውጫሌ ውል 17ኛ አንቀጽ ይመሰክራል፤ «ይቻላቸዋል» የሚለው አማርኛ በኢጣልያንኛው ግዴታ ሆኖ ተገኝቷልና።

ጉዳዩ የሩቅ ዘመን ብቻ እንዳይመስላችሁ። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. መጨረሻ ገደማ በዳባት ወረዳ በጭና ተክለ ሃይማኖት ሲቪሎች ተገደሉ፤ ከዚህ አዳራሽ ውስጥ የቅርብ ሰው ያጣ ሊኖር ይችላል። እንዲህ ያለ ዜና፣ ዘጋቢው በስፍራው ተገኝቶ ሳያረጋግጥ በፈረንሳይኛ ሲጻፍ፣ በተለመደው የጋዜጠኞች ደንብ «ኦሬ» በብዙ ቍጥር «ኦሬ ኤቴ ቱዬ» ሆኖ ይወጣል። ይህ «ተገድለዋል ተብሏል፤ እኛ ግን ገና አላረጋገጥንም» ማለት ነው። «ሊገደሉ ነበር» ብሎ የተረጐመ ሰው ሙታንን ከመቃብር አስነሥቷል፤ «የፈረንሳይ ጋዜጣ አረጋገጠ» ብሎ የጠቀሰም ያልተባለውን አስብሏል። ሐዘንተኛው ጥርጣሬውን እንደ ክሕደት ቢሰማው አልፈርድበትም። የታሪክ ተማሪ ግን ምስክሩን ከአረጋጋጩ መለየት ግዴታው ነው፤ ለጭና የሚቆመው ማስረጃም ስማቸውና ቃላቸው ተመዝግቦ የተያዘው የነዋሪዎቹ ምስክርነት ነው።

ስለዚህ ፈረንሳይኛ ሰነድ ላይ «ኦሬ» ወይም «ሰሬ» ስታገኙ መጀመሪያ «ሲ» ፈልጉ። በዚያው ዓረፍተ ነገር ከሌለ ወደ ቀደመው ተመለሱ፤ ሁኔታው እዚያ ተነግሮ ሊሆን ይችላል። «ስሎን» የሚል ቃል፣ «እንደ እገሌ አባባል» ማለት ነው፣ ካገኛችሁ ነገሩ ወሬ ነው፤ በአማርኛም ተናጋሪውን ጠርታችሁ በ«ይባላል» ጻፉት። ሁለቱም ከሌሉ ገጹን በሙሉ አንብቡ፤ አንድን ዓረፍተ ነገር ነጥሎ መተርጐም አይበቃም።

የ19ኛውን ክፍለ ዘመን መጻሕፍት ለምታነቡ አንድ ነገር ልጨምር። በዚያ ዘመን የጽሑፍ ቋንቋ ባልሆነ ነገር ላይ «ኢል ኦሬ ሬኜ» በማለት ፈንታ «ኢል ኡ ሬኜ» የሚል ሌላ ቅርጽ ይገባል፤ «ሲዎች ሬዎችን አይወዱም» የሚለው ደንብም እዚህ ላይ አይረዳችሁም፣ ይኸው ቅርጽ ከ«ሲ» ጋርም ይመጣልና። በጽሑፍ ከተራው የኃላፊ ጊዜ የሚለየው በአንዲት ፊደል ላይ በተደፋች ትንሽ ቆብ ነው። በደበዘዘ ቅጂ ላይ ያቺ ቆብ ትጠፋለች፤ ስለዚህ የዳባዲን ወይም የለፌቭርን መጽሐፍ ከስልካችሁ ፎቶ ላይ አታንብቡ፤ ጥራት ያለውን እትም ፈልጉ።

ወደ ጥያቄዎቻችሁ እንለፍ።