ከኮሶ እስከ ኮኬይን

ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ሽቅብ ወደ እንጦጦ እየወጣን ነበር። ጓደኛዬ ድንገት ቆመና «ግን ለኮኬይን ሱስ ክኒን የለውም እንዴ?» አለኝ። ወንድሙ ከውጭ አገር ይዞት የተመለሰው ሱስ ነው። እኔ ኮድ ጻፊ ነኝ እንጂ ሐኪም አይደለሁም፤ ዝም አልኩ። ማታ ግን ማንበብ ጀመርኩ፤ ታሪኩም ሳላስበው ወደ ኮሶ ወሰደኝ።

አያቶቻችን ጥሬ ሥጋ ይወዳሉ፤ ከዚያ ኮሶ ይጠጣሉ። ትሉንም መድኃኒቱንም በአንድ ስም ኮሶ እንላቸዋለን። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የዛፉ አበባ የአውሮፓ ፋርማሲዎች ድረስ ዘልቆ ነበር። በ1940ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ደግሞ ኮፐንሃገን ውስጥ ዬንስ ሃልድና ኤሪክ ያኮብሰን ሌላ የትል መድኃኒት ሲፈልጉ ዳይሰልፊራም የሚባል ኬሚካል ራሳቸው ላይ ሞከሩ። ከዚያ አልኮል ሲቀምሱ ፊታቸው ቀላ፣ አጥወለወላቸው። የትል መድኃኒት ፍለጋው ለመጠጥ ሱስ መድኃኒት ወለደ፤ በ1948ም ይፋ ሆነ።

በ1990ዎቹ ይኸው ክኒን ለኮኬይን ተሞከረ። አንጎል ውስጥ ዶፓሚንን ወደ ኖርአድሬናሊን የሚቀይረውን ኢንዛይም ስለሚያግድ ተስፋ ተጣለበት። አንዳንድ ጥናት ላይ ረዳ፣ ሌላው ላይ አልረዳም።

የሚገርመው፣ ኮኬይን ራሱ በአንድ ወቅት የሱስ መድኃኒት ተብሎ ነበር። በ1884 ወጣቱ ሐኪም ዚግመንድ ፍሮይድ ለሞርፊን ሱስ ይጠቅማል ብሎ ጻፈ፤ ወዳጁ ኤርንስት ፎን ፍላይሽልም ሞከረው። ከሞርፊኑ ሳይላቀቅ የኮኬይን ሱሰኛም ሆነ።

ለምን ከበደ? ለሄሮይን ሜታዶን አለ፤ ሄሮይኑ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ቀስ ብሎ ይቀመጣል። ኮኬይን ግን የተለቀቀው ዶፓሚን ተመልሶ የሚሰበሰብበትን በር ነው የሚዘጋው። በእኛ ሙያ ሜሞሪው እየተያዘ አይለቀቅም እንደማለት ነው። ያንን በር ነክቶ ሌላውን ሥራ የማያበላሽ ክኒን መሥራት ቀላል አልሆነም። የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ለኮኬይን ሱስ ያጸደቀው አንድም መድኃኒት የለም።

እስካሁን የተሻለ ማስረጃ ያለው ነገር በጣም ተራ ነው፦ የምክር ሕክምና፣ እና የሽንት ምርመራው ንጹሕ በሆነ ቁጥር ትንሽ ሽልማት።

ለጓደኛዬ ይህንኑ ነገርኩት። «ክኒን የለውም፤ ሕክምና ግን አለው» አልኩት። ትንሽ አሰበና «እንግዲያው ብቻውን አንተወው» አለ። ሰኞ ጠዋት ሦስታችንም አብረን ወደ ሐኪሙ ሄድን።