ገበጣና የፕሮግራም ጥበብ

ገበጣ የተባለውን የጉድጓድና የጠጠር ጨዋታ እረኛው መሬት ቆፍሮ፣ ባለጸጋውም በተጠረበ እንጨት ሲጫወቱት የኖሩ ሲሆን፣ የታሪክ ሊቁ ሪቻርድ ፓንክረስት በ1971 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት በኢትዮጵያና በአፍሪካ ቀንድ የሚገኙትን ልዩ ልዩ ሥርዓቶቹን በዝርዝር አስፍረዋል። ከዚያም አስቀድሞ በ1964 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ፣ ካላህ የተባለው የገበጣ ዘመድ በኮምፒዩተር ፕሮግራም ተጽፎ ነበር።

እንግዲህ ከኢትዮጵያ አራተኛው ትውልድ ዩኒቨርሲቲዎች አንዱ በተተከለባት በጂንካ፣ ፕሮግራም መጻፍን ሀ ብሎ የሚጀምር የደቡብ ኦሞ ወጣት ከገበጣ ቢነሣ ከጥበቡ ጥንት አይርቅም፤ ጉድጓዶቹን በተራ ቁጥር ይሰይማል፣ ከአንዱ ጠጠሩን ሁሉ አንሥቶ እጁ ባዶ እስኪሆን ለተከታዮቹ አንድ አንድ የሚያድል ትእዛዝ ይደጋግማል፤ ይህ ከተቃና ከሚቀሩት መካከል ተራ ማለዋወጥና አሸናፊውን መለየት ይገኛሉ።