ጳጉሜን በፍሎረንስ

አውሮፓ የሚኖር ወገን በዘመን መለወጫ ሰሞን አጭር ጉዞ አስቦ የት ልሂድ ሲለኝ፣ ሳላመነታ ፍሎረንስ እለዋለሁ። ከፍራንክፈርት በአውሮፕላን 1 ሰዓት ተኩል ያህል ነው። ከአየር ማረፊያው ትራም የተሳፈረ ደግሞ በ20 ደቂቃ ገደማ መሀል ከተማ ይገባል።

ስለ ከተማዋ ብዙ ተጽፏል፤ በሱፍ ንግድና በባንክ መበልጸጓ፣ የሜዲቺዎች ገናናነት፣ በ1345 እ.ኤ.አ. የተሠራው ፖንቴ ቬክዮ ድልድይ። እኔን ሁልጊዜ የሚመልሰኝ ግን አንድ ክረምት ነው።

እ.ኤ.አ. ነሐሴ 26 ቀን 1441 ለአብያተ ክርስቲያናት አንድነት ጉባኤ ከኢየሩሳሌም የተነሡ ኢትዮጵያውያን ከግብጻውያን ልዑካን ጋር ፍሎረንስ ደረሱ። በዘመኑ የዩልየስ አቆጣጠር የተጻፈውን ይህን ቀን ወደ እኛ ስመልሰው ጳጉሜን 3 ቀን 1433 ዓ.ም. ሆነ። እንቁጣጣሽ የጠባባቸው እዚያው ነው ማለት ነው! በእኛው አቆጣጠር መስከረም 5 ቀን የኢትዮጵያውያኑ ዲያቆን ጴጥሮስ በሮሙ ጳጳስ በአውጌንዮስ 4ኛ ፊት ቆመ። ንግሥተ ሳባንና ህንደኬን አነሣ። ሮምና ኢትዮጵያ ተራርቀው የኖሩት በመንገዱ ርዝመትና በቀደሙት ጳጳሳት ቸልተኝነት እንደሆነም ፊት ለፊት ተናገረ።

ክርክሩ እዚህ ላይ ነው። ብዙዎች እነዚህን ሰዎች የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ መልእክተኞች ይሏቸዋል። ጳጳሱ በ1439 እ.ኤ.አ. አልቤርቶ ዳ ሳርቴያኖ የተባለ ፍራንቸስካዊ ለንጉሡ ጭምር ደብዳቤ አስይዘው ወደ ምሥራቅ መላካቸው እውነት ነው። ሰዎቹን የላኳቸው ግን በኢየሩሳሌም የኢትዮጵያውያን ገዳም አበምኔት አባ ኒቆዲሞስ ናቸው። እሳቸውም በጻፉት ደብዳቤ ንጉሡ ሳያውቁ ምንም መወሰን እንደማይችሉ ገልጸዋል። ከኋላ ከመጣው ዝና ይልቅ ይህ ደብዳቤ ይመዝንብኛል። የቤተ መንግሥት ሥልጣን ሳይኖራቸው ያን ያህል በድፍረት መናገራቸው ደግሞ በእኔ ዘንድ ክብራቸውን ከፍ ያደርገዋል።

ካርዲናሎቹ በአስተርጓሚ ስለ «ፕሬቴ ጃኒ»፣ አውሮፓ ስትፈልገው ስለኖረችው ቄስ ንጉሥ፣ ጠየቋቸው። እነሱም ንጉሣቸው በዚህ ስም እንደማይጠራ፣ ስሙ ዘርዐ ያዕቆብ እንደሆነ አስረዱ። ጸሐፊው ፖጆ ብራቾሊኒም ስለ አገራቸውና ስለ ዓባይ ጠይቆ የነገሩትን በመጽሐፉ አስፍሯል።

ያዩዋት ከተማ ገና በግንባታ ላይ ነበረች። የካቴድራሉ ታላቅ ጉልላት ካለቀ 5 ዓመቱ ቢሆንም ዛሬ በአናቱ ላይ የምናየው የእብነ በረድ ፋኖስ አልተሠራም። «የገነት በር» የሚባለው የጊቤርቲ የነሐስ መዝጊያም ከወርክሾፑ አልወጣም።

ከግብጻውያኑ ጋር የካቲት 4 ቀን 1442 እ.ኤ.አ. የአንድነት ስምምነት ታወጀ። በአገራቸው ግን አልጸናም።

አሁን ለመሄድ ለተነሣ ሰው እንዲህ ይሁን። ዓርብ ማታ ይግባ። ቅዳሜ ጠዋት ጳጳሱ ወዳረፉበት ወደ ሳንታ ማሪያ ኖቬላ ይሂድ፤ ባቡር ጣቢያው በስሙ የሚጠራው ገዳም ነው። የሕንፃው ፊት ላይኛ ክፍል ከልዑካኑ ወዲህ የተጠናቀቀ ስለሆነ ዓይኑን ወደ ታችኛው ክፍል ያሳርፍ። ከሰዓት በኋላ ወደ ጉልላቱ ይውጣ። 463 ደረጃ ነው፤ ትኬቱ ሰዓት ስላለው አስቀድሞ ይቁረጥ። መወጣጫው በጉልላቱ ውጫዊና ውስጣዊ ግድግዳ መካከል ያልፋል። እየጠበበ ሲሄድ ጡቡ ትከሻ ይነካል፤ የሚወርድ ሰው ሲመጣ በጎን ተጠግቶ ማሳለፍ ግድ ነው።

እሑድ ጊዜ ከተረፈው በፈጣን ባቡር በ1 ሰዓት ተኩል ሮም ይገባል። በቅዱስ ጴጥሮስ ባሲሊካ መካከለኛ መግቢያ ላይ ፊላሬቴ በ1445 እ.ኤ.አ. የጨረሰው የነሐስ በር አለ። በትልልቆቹ የቅዱሳን ምስሎች መካከል ባሉት ጠባብ ሰሌዳዎች ላይ ቢፈልግ፣ ከምሥራቅ የመጡት ልዑካን ወደ ሮም ሲገቡ ያገኛቸዋል።