የጨረቃዋ ዛፍ እና የጓሮዋ ዛፍ

ዛሬ የምናወጋችሁ ስለ አንዲት አበባ ነው። «ስንት የሚጻፍ ጉዳይ እያለ አበባ?» የምትሉ አትጠፉም። እስቲ ታገሡን። ይቺ አበባ የቤተ መንግሥት ታሪክ አላት፣ የፈተና ታሪክ አላት፣ የጓሮ ታሪክም አላት። እኛን የሳበን ሦስቱ የሚገናኙበት ቦታ ነው።

ቻይናውያን ጉይኋ ይሏታል። ኦስማንተስ ፍራግራንስ የሚለውን የሳይንስ ስሟን ያወጣላት ጆዋዎ ደ ሎሬሮ የተባለ ፖርቱጋላዊ ኢየሱሳዊ ሚሲዮናዊ ሲሆን፣ ስሙ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1790 ነው። «ኦስማንተስ» የተገጠመው «ሽታ» እና «አበባ» ከሚሉ ሁለት የግሪክኛ ቃላት ነው። ዘመዶቿም ለኛ እንግዳ አይደሉም፤ ወይራና ጠንበለል ከአንድ ቤተሰብ ናቸው። ቅጠሏ ዓመቱን ሙሉ አይረግፍም። አበባዋ ከአንድ ሳንቲ ሜትር ብዙም አትበልጥም፤ በቅጠሉ ሥር ተደብቃ ስለምትፈነዳ ዛፏ ከመታየቷ በፊት ሽታዋ ቀድሞ ይደርሳል። የበሰለ ኮክ የመሰለ ሽታ ነው።

ስሟ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በጥንታዊ የቻይና ጽሑፎች «ጉይ» የሚለው ቃል ቀረፋንም ያመለክታል። ስለዚህ አንድ የጥንት መጽሐፍ «ጉይ» ባለ ቁጥር ይቺን አበባ ማለቱ ነው ብሎ መደምደም ያሳስታል። ሁለቱ እየተለያዩ የሄዱት ቀስ በቀስ ነው። ዛሬ ጉይሊን የምትባለው የደቡብ ቻይና ከተማ ስሟ «የጉይ ደን» ማለት ሲሆን፣ ጎዳናዎቿ ግን የሚያውዱት በአበባዋ ነው።

ወደ ዋናው ነገር እንግባ። ቻይናውያን ጨረቃ ላይ የሚታየውን ጥቁር ጥላ የጉይ ዛፍ ነው ይሉ ነበር። በ9ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ደራሲ ዱዋን ቼንግሺ በመዘገበው ተረት ዉ ጋንግ የተባለ ሰው ጥፋት አጥፍቶ ያንን ዛፍ እንዲቆርጥ ይፈረድበታል። መጥረቢያውን ሲያሳርፍ ግን ቁስሉ ወዲያው ይድናል። ሰውየው ይቆርጣል፣ ዛፉ ይድናል፤ ማለቂያ የለውም።

ከዚሁ ጋር ሌላ ወግ ተያያዘ። ሺ ሼን የተባለ ባለሥልጣን በ3ኛው ክፍለ ዘመን በንጉሠ ነገሥቱ ፊት ስለ ራሱ ችሎታ ሲጠየቅ፣ የተመረጠበትን ፈተና ከጉይ ደን ከተቀነጠበች አንዲት ቅርንጫፍ ጋር አመሳሰለው። ከጊዜ በኋላ የጨረቃው ዛፍና የሺ ሼን ቅርንጫፍ ተቀላቀሉና «ከጨረቃ ቤተ መንግሥት ጉይ ቀነጠበ» ማለት «የመንግሥትን ፈተና አለፈ» ማለት ሆነ።

ያ ፈተና ቀላል ነገር አልነበረም። በሱዪ ሥርወ መንግሥት ዘመን ተጀምሮ እ.ኤ.አ. እስከ 1905፣ ማለትም ለ1300 ዓመት ገደማ፣ የቻይናን ሹማምንት ሲመርጥ ኖሯል። በሚንግና በቺንግ ዘመን የክፍለ ሀገሩ ፈተና በየሦስት ዓመቱ የሚሰጠው በጨረቃ አቆጣጠር በስምንተኛው ወር፣ ልክ አበባዋ በምትፈነዳበት ሰሞን ነበር። ናንጂንግ በነበረው የፈተና ግቢ ብቻ ከ20000 በላይ ጠባብ ክፍሎች ተደርድረው ነበር። የሦስተኛው ዙር ፈተና ቀን ወሩ በገባ በ15ኛው ነው፤ ይህ ደግሞ ቤተሰብ ተሰብስቦ ሙሉ ጨረቃ የሚያይበት የመኸር በዓል ቀን ነው። ተፈታኙ ያንን ሌሊት የሚያሳልፈው በዚያች ክፍል ብቻውን ነበር። የአላፊዎቹ ስም የሚለጠፍበት ሰሌዳም «የጉይ ዝርዝር» ይባላል።

እኛ ማትሪክ የሚባል ነገር ያየን ልጆች ስለሆንን የዚህ ዝርዝር ነገር ይገባናል። ስማቸው የወጣው ጥቂቶች ናቸው፤ ታሪክ የሚያወራውም ስለ እነሱ ነው። ስማቸው ያልወጣውስ? ለአብነት እ.ኤ.አ. ከ1640 እስከ 1715 የኖረውን ፑ ሶንግሊንግን እንውሰድ። በ10ዎቹ ዕድሜው መጨረሻ የመጀመሪያውን ደረጃ በድንቅ ውጤት አለፈ። የክፍለ ሀገሩን ፈተና ግን ደጋግሞ ተቀምጦ አንድም ጊዜ ሳይሳካለት አረጀ። የመናፍስትና የቀበሮ ተረቶቹ ዛሬም ይነበባሉ፤ ያለፉት የዘመኑ ሰዎች ግን አብዛኞቹ ተረስተዋል። ሴቶችማ ከመጀመሪያውም ለፈተናው አይቀርቡም ነበር።

እዚህ ላይ ነው የጓሮዋ ዛፍ የምትመጣው። በቻይንኛ «ጉይ» የሚለው ድምፅ «ክቡር» ማለትም ስለሆነ፣ ከቤት ፊት ለፊት ሁለት ዛፍ ጎን ለጎን መትከል የቆየ ልማድ ነው። አበባው ሲደርስ ከዛፉ ሥር ጨርቅ ተዘርግቶ ቅርንጫፉ ይነቀነቃል፤ የረገፈው ተለቅሞ በስኳር ወይም በማር ይቀመጣል፣ ከሻይ ቅጠል ጋር ይታሻል፣ ኬክና የወይን መጠጥ ይገባል። ይህን ለመሥራት የማንም ስም ዝርዝር ላይ መውጣት አያስፈልገውም።

አተካከሏም ቢሆን ራሱን የቻለ ታሪክ ነው። በዘር የበቀለች ጉይኋ እስክታብብ ብዙ ዓመት ታስጠብቃለች፤ ስታብብም እናቷን ላትመስል ትችላለች። ስለዚህ ጥሩ ሽታ ያላትን ዛፍ ለማቆየት መላው ከራሷ መውሰድ ነው። አንደኛው መንገድ ቅርንጫፍ ቆርጦ አፈር ውስጥ መትከል ነው። ሁለተኛው ሳይቆርጡ ጎንበስ አድርጎ አፈር ማልበስና ሥር እስኪያወጣ መጠበቅ ነው። ሦስተኛው ከዘመድ ተክል ግንድ ጋር ማጣበቅ ነው። በአበባ ማሰሮም ትኖራለች፤ ፀሐይ ትወዳለች፣ ሥሯ ላይ የተኛ ውኃ ግን ይገድላታል። አበባዋ በዚያው ዓመት ባደገ ቅርንጫፍ ላይ ስለሚወጣ፣ ማበቢያዋ ሲቃረብ የከረከማት ሰው ሽታውን ያጣል። የሌሊቱ አየር ቀዝቀዝ ሲል፣ በመስከረም ገደማ፣ ትፈነዳለች። በጃፓን ጓሮዎች የምትታየው ብርቱካንማዋ ዓይነት ደግሞ ወንዴ ብቻ ናት ማለት ስለሚቻል ዘር አትሰጥም። አንዷ ከሌላዋ የመጣችው አንድ ሰው ቆርጦ ስለተከላት ነው።

እንግዲህ ቅርንጫፍ መቁረጥ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ለክብር የሚቆረጥ ሲሆን፣ ባለቤቱ ይዞት ሹመት ይገባና ነገሩ እዚያው ያበቃል። ሌላው ለጎረቤት የሚቆረጥ ነው። የመጀመሪያው በመዝገብ ተጽፎ ስላለ ስሙን እናውቃለን። የሁለተኛውን ስም ማንም አልጻፈም። ዛፏን እዚህ ያደረሳት ግን ይኸው ሁለተኛው ነው። ፈተናው እ.ኤ.አ. በ1905 ቀረ፤ ዝርዝሩም አብሮ ቀረ። አበባዋን ግን የሃንግዡ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1983 የከተማዋ አበባ ብላ መረጠቻት።

እ.ኤ.አ. በ2020 ቻንግኧ 5 የተባለችው የቻይና መንኮራኩር 1.7 ኪሎ ግራም ገደማ አፈርና ድንጋይ ከጨረቃ ይዛ ተመለሰች። ቅርንጫፍ አላገኘችም። ያ ሁሉ ወጣት አንጋጦ ሲመኘው የኖረው ዛፍ እላይ አልነበረም፤ በየሰዉ ጓሮ ነበር።

ስማችሁን ዝርዝር ላይ ላጣችሁም፣ ላገኛችሁም፣ ቸር ያሰማን።