ፒፒን፣ የዘጠኙ መንገደኞች ታናሽ

«የንጉሡ መመለስ»፣ የጄ. አር. አር. ቶልኪን «የቀለበቶቹ ጌታ» ሦስተኛ ቅጽ። ለንደን፣ 1955 እ.ኤ.አ.

ከትናንሾቹ የሆቢት ሕዝብ የሆነው ፔሬግሪን ቱክ (ፒፒን) ክፉውን ቀለበት ለማጥፋት ከሚጓዙት ዘጠኝ መንገደኞች አንዱ ነው። ከዘመዱ ከፍሮዶ ጋር ለጉዞ ሲነሳ 28 ዓመቱ ነበር። ሆቢት ለአቅመ አዳም የሚደርሰው በ33 ነውና ገና ልጅ ነበር። በሞሪያ ዋሻ ጉድጓድ ውስጥ ድንጋይ ጥሎ፣ ኋላም ሩቅ የሚያሳየውን ድንጋይ፣ ፓላንቲሩን፣ ተደብቆ አይቶ ጓዶቹን ለአደጋ አጋልጧል። በዚህ ቅጽ ግን ሌላ ፒፒን እናገኛለን። እሱን ሲከላከል የወደቀውን የጓዱን የቦሮሚርን ውለታ ለመክፈል ለቦሮሚር አባት፣ ለጎንዶር ገዥ ለዴኔቶር፣ ምሎ ያድራል። ጌታው አእምሮውን ስቶ የቆሰለ ልጁን ፋራሚርን ከነሕይወቱ ሊያቃጥል ሲል ደግሞ ሮጦ ጠቢቡን ጋንዳልፍን በመጥራት ያስጥለዋል። በጠላት ምድር መግቢያ፣ በጥቁሩ በር፣ ትሮል የተባለ ግዙፍ ፍጡር ገድሏል፤ ትልቁ ጀግንነቱ ግን ያ ሩጫ ነው። በኋላ ለ50 ዓመት የሆቢቶች አገር የሻየር አለቃ (ቴይን) ሆኗል። ሲሞትም በጎንዶር ታላላቆች መካከል መቀበሩ በዚሁ ቅጽ አባሪ ተጽፏል።