ኤድዋርድ ሊትልተን

ኤድዋርድ ሊትልተን (1855–1942) እንግሊዛዊ የክሪኬት ተጫዋች፣ ቄስና መምህር ነበሩ። በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን ያለ ክፍያ ይጫወቱ ከነበሩ ስመ ጥር ክሪኬተኞች አንዱ ሲሆኑ፣ ኋላ የሄይሊበሪና የኢተን ኮሌጆች ርዕሰ መምህር ሆነዋል። በዚህ መጣጥፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቤተሰብና ትምህርት

የአራተኛው ባሮን ሊትልተን ልጅ ሲሆኑ ለንደን ተወለዱ። አክስታቸው የጠቅላይ ሚኒስትር ዊሊያም ግላድስተን ባለቤት ነበሩ። ከወንድሞቻቸው ኔቪል ጄኔራል፣ አርተር ጳጳስ ሆነዋል፤ አልፍሬድ ደግሞ በክሪኬትም በእግር ኳስም ለእንግሊዝ በመሰለፍ የመጀመሪያው ናቸው። ኤድዋርድ በኢተንና በካምብሪጅ ትሪኒቲ ኮሌጅ ተማሩ።

ክሪኬት

በዘመኑ የእንግሊዝ ክሪኬት ተጫዋቾች በሁለት ይከፈሉ ነበር፤ ያለ ክፍያ የሚጫወቱት «ጀንትልመን»፣ እንጀራቸውን ከጨዋታው የሚያገኙት ደግሞ «ፕሌየርስ» ይባሉ ነበር። ሊትልተን ከመጀመሪያዎቹ ወገን ነበሩ።

ስማቸው የገነነው በ1878 ነው። በዚያ ዓመት እንግሊዝን የጎበኘው የአውስትራሊያ ቡድን በለንደኑ የሎርድስ ሜዳ ኤም.ሲ.ሲ. የተባለውን ኃያል የእንግሊዝ ክለብ በአንድ ቀን ውስጥ አሸንፎ አገሩን አስደንግጦ ነበር። ሊትልተን በአምበልነት የመሩት የካምብሪጅ ቡድን ግን በዓመቱ ምንም ሳይሸነፍ አውስትራሊያውያኑንም ረታ። እሳቸው ራሳቸው ለሚድልሴክስ ተሰልፈው በዚያው ቡድን ላይ 113 ነጥብ አስቆጠሩ። በዚያ ጉብኝት እንግሊዝ ውስጥ በአውስትራሊያውያኑ ላይ ከመቶ በላይ ያስቆጠረ ሌላ ተጫዋች እንዳልነበረ ይጠቀሳል።

ቅስና ከተቀበሉ በኋላም ጨዋታው ከልባቸው እንዳልወጣ ይነገራል። በቤተ ክርስቲያን መካከል ባለፉ ቁጥር በሐሳባቸው ኳስ ይወረውሩ፣ ወለሉም ኳስ ያሾር እንደሆነ ይገምቱ ነበር ይባላል።

እግር ኳስ

በ1876 የቀድሞ የኢተን ተማሪዎች ቡድን ለሆነው ለኦልድ ኢቶንያንስ ተሰልፈው ለእንግሊዝ የኤፍ.ኤ. ዋንጫ ፍጻሜ ደረሱ። በ1878 እንግሊዝ በስኮትላንድ 7 ለ 2 በተሸነፈችበት ግጥሚያ ተሰለፉ።

መምህርነት

በዌሊንግተን ኮሌጅና በኢተን ካስተማሩ በኋላ፣ ከ1890 እስከ 1905 ሄይሊበሪን፣ ከ1905 እስከ 1916 ኢተንን መሩ። በደቡብ አፍሪካው ጦርነት ጊዜ ብሪታንያን ይወጉ ለነበሩት ለቦየሮች ያዝኑ ነበር። የሄይሊበሪ ተማሪ የነበሩት ኋላ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ክሌመንት አትሊ እንደተረኩት፣ ቦየሮች በሌዲስሚዝ ከተማ በብሪታንያ ጦር ላይ ያደረጉት ከበባ በ1900 ሲሰበር ሊትልተን ለተማሪዎቹ የዕረፍት ቀን ከለከሉ፤ ተማሪዎቹም እምቢ ብለው ወጥተው ጨፈሩ፣ ብዙዎቹም ተገረፉ።

የ1915 ስብከት

በማርች 1915 በዌስትሚንስተር በቅድስት ማርጋሬት ቤተ ክርስቲያን ስለ ጠላት መውደድ ሰበኩ። ጀርመንን ማዋረድ ዘላቂ ሰላም እንደማያመጣ ተናግረው፣ ብሪታንያ የጀርመን የኪል ቦይ በዓለም አቀፍ ቁጥጥር ሥር እንዲውል ከጠየቀች የራሷን ጅብራልታርንም በዚያው መንገድ ለማስረከብ መዘጋጀት ይገባታል የሚል ሐሳብ አቀረቡ። ጋዜጦች ክፉኛ ዘመቱባቸው፤ የጀርመን ወዳጅ ተብለውም ተወገዙ። ጊዜው የኢተን ልጆች በጦር ሜዳ የሚረግፉበት ነበር፤ እስከ ጦርነቱ ፍጻሜ ከ1,100 በላይ የትምህርት ቤቱ ምሩቃን ሞተዋል። በ1916 ኢተንን ለቀቁ። ለመልቀቃቸው ዋና ምክንያት ሆኖ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠቀሰው ይኸው ስብከት ነው። ሆኖም በቦየሮቹ ጦርነት ከያዙት አቋም ጋር ሲታይ፣ ስብከቱ ድንገተኛ ስሕተት ሳይሆን የቆየ እምነታቸው ፍሬ ይመስላል።

የኋላ ዘመን

በኖርፎክ የሳይድስትራንድ አጥቢያ አገልጋይ፣ ቀጥሎም ሴት መምህራን በሚሠለጥኑበት በለንደኑ ኋይትላንድስ ኮሌጅ ዲን ሆኑ። ትዝታቸውን በ1925 አሳትመዋል። በጃንዋሪ 1942 ሊንከን ከተማ ውስጥ አረፉ።