ሥራ ፈት ጊዜን የሳሉ ሰዎች

አሜሪካዊው መሐንዲስ ሄንሪ ጋንት በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወቅት የጦር መሣሪያ ምርት የተከታተለበት ሠንጠረዥ ዛሬ በየቢሮው የሥራ ዕቅድ ማሳያ ሆኗል። ዋላስ ክላርክ እ.ኤ.አ. በ1922 ስለዚሁ ሠንጠረዥ ባሳተመው መጽሐፍ ግን ከዕቅድ የበለጠ ነገር ይገኛል። ማሽን ሲቆም የቆመበት ምክንያት በፊደል ይመዘገባል፤ ጥሬ ዕቃ ጠፍቶ ነው? ሠራተኛ ቀርቶ? ወይስ ጥገና ላይ ሆኖ?

ያው ጥያቄ ከሰባ ዓመት ገደማ በኋላ ኮምፒውተር ውስጥ ተነሣ።

አንድን ስሌት ለብዙ ፕሮሰሰሮች ያከፋፈሉ ባለሙያዎች ፕሮሰሰር በጨመሩ ቁጥር ፍጥነቱ የዚያኑ ያህል አልጨምር አላቸው። የኮምፒውተር መሐንዲሱ ጂን አምዳል ይህን በ1967 አስረድቶ ነበር፤ ከሥራው አንድ አሥረኛው ተራ በተራ ብቻ የሚሠራ ከሆነ፣ ሺህ ፕሮሰሰር ቢደረደርም ፍጥነቱ ከአሥር እጥፍ አያልፍም። ያ አንድ አሥረኛ የት እንደተሸሸገ ግን የአምዳል ማብራሪያ አይናገርም።

ማይክል ሂዝና ጄኒፈር ኤተሪጅ በቴነሲው ኦክ ሪጅ ብሔራዊ ላቦራቶሪ የሠሩትና በ1991 ያስተዋወቁት ፓራግራፍ የተባለ መሣሪያ ይህን በዓይን አሳየ። የሚመረመረው ፕሮግራም ሮጦ ካበቃ በኋላ የሥራውን መዝገብ እንደ ፊልም መልሶ ያጫውታል። ለእያንዳንዱ ፕሮሰሰር አንድ መስመር ይሰመራል፤ የትራፊክ መብራት ቀለሞችን ተውሶ ሲሠራ አረንጓዴ፣ በመልእክት ልውውጥ ሲያዝ ቢጫ፣ ሥራ ሲፈታ ቀይ ይሆናል። አንዱ ብቻ አረንጓዴ ሆኖ ሌሎቹ ከሥሩ ቀልተው ከታዩ፣ ሁሉም ማንን እንደሚጠብቁ ለማወቅ ሌላ ማስረጃ አያስፈልግም። ከዚህ ዘመን ሥራዎች ሁሉ ትልቁ ይህ ይመስላል፤ መጠበቅን ራሱን የሚታይ ነገር አድርጎታልና። በዚያው አሥርት ዓመት ጀርመን ውስጥ የተወለደው ቫምፒር የተባለ ተመሳሳይ መሣሪያ መንገዱን ቀጠለ።

ባለብዙ ኮር ፕሮሰሰር ተራ ኮምፒውተር ውስጥ ሲገባ፣ ትሬድ የሚባሉት የሥራ ክሮች አንድ ማህደረ ትውስታ እየተጋሩ በቁልፍ ይጠባበቁ ጀመር። የኮምፒውተር መሐንዲሱ ብሬንዳን ግሬግ በ2011 የማይኤስኪውኤል ዳታቤዝ ለምን ፕሮሰሰሩን እንዳጨናነቀ ሲመረምር ከ590 ሺህ መስመር በላይ ጽሑፍ ተዘረገፈለት። ሰው አንብቦ አይጨርሰውም። እርሱም የነበልባል ግራፍን ፈጠረ፦ ፕሮሰሰሩን ይበልጥ የወሰደ ተግባር ሰፋ ያለ ሣጥን ይሆናል፤ የጠራው ተግባር ከሥሩ፣ እርሱ የጠራው ከላዩ ይደረደራል።

ነበልባሉ የሚሠራውን ሲያሳይ ተኝቶ የሚጠብቀውን ክር ይደብቃል። ስለዚህ ግሬግ ሌላ ግራፍ ጨመረ። በሰማያዊ የሚቀባው ይህ ግራፍ ክሩ ከፕሮሰሰር ውጭ የቆየበትን ጊዜ ይለካል፤ ዲስክ ይሁን ቁልፍ የያዘው፣ እዚያ ያደረሱት ተግባሮች ስም በየሣጥኑ ተጽፎ ይነበባል።